የቀኛዝማች ዓሦች ትንፋሽ

መካነ ሰላም፣ ሰኔ ፰ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ቀኛዝማች ወልደሩፋኤል ዛሬ ጧት ወደ ደሴ ሄዱ። «ተጠርቻለሁ፤ ከሳምንት አልዘልቅም» አሉ። ለሳምንት የሚሄድ ሰው የሚስቱን ሣጥን ሁሉ ሲጭን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ላንድሮቨሩ ሳይነሣ ወደ ሳሎን ወሰዱኝና የመስታወቱ ገንዳ ፊት አቆሙኝ።

«በላይ፣ እነዚህን ዓሦች የሰጡኝ የደሴዋ ወይዘሮ ናቸው። ሲያገኙኝ ከእኔ ጤና አስቀድመው የሚጠይቁት የእነሱን ነው። ይኸ አረፋ እንዳይቋረጥ። አረፋው ከተቋረጠ የአንተም ገብስ ተቋረጠ።»

«ጌታዬ፣ ዓሣ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ሞተ ቢባል ማን ያምናል?» አልሁ። አልሳቁም። የተጠራ ሰው አይስቅም።

እንግዲህ ሥራዬ ይኸ ነው። ድሮ አቤቱታ ጸሐፊ ነበርሁ፤ እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባለጉዳይ ሸሸኝ፤ ቀኛዝማች ጨዋታዬን ወደውት ከጓሮ አንዲት ክፍል ሰጡኝ። ጓሮ የተተከለው የናፍጣ ሞተር ሲነሣ ትንሽ መንፊያ በጎማ ቱቦ ከገንዳው ሥር አየር ትነፋለች፤ አረፋው ሽቅብ ይወጣል፤ ቀያዮቹ ዓሦች ይዞራሉ። እኔ ሞተሩን አስነሣለሁ፣ ዱቄት እበትንላቸዋለሁ፣ ማታ ከአሰጋሽ እጅ አንድ ጣሳ ገብስ እቀበላለሁ። አሰጋሽ የቤቱ አዛዥ ናት፤ የጎተራው ቁልፍ ከአንገቷ አይወርድም። አገሩ ሁሉ ሣር እየቀቀለ በሚበላበት በዘንድሮው ዓመት አንድ ጣሳ ገብስ ያለው ሰው ከመኳንንት አይተናነስም።

ለዓሦቹ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ሆዳሙ ዳኛው ነው። ሌላውን እያሳደደ የሚነክሰው ምስለኔው። ጅራቷ የተተለተለው ባልቴቲቱ። የቀሩት ገባሮች ናቸው፤ ስም አያሻቸውም።

ሰኔ ፲፩

ልጄ ቸኮል ከወግዲ መጣ። በር ላይ ቆሞ «አባቴን ጥሩልኝ» ይላል። ወጣሁ። ከስቷል፤ አንገቱ ከጋቢው ውስጥ እንደ ጭራሮ ቆሟል። አሰጋሽና ዘበኛው ፈንታሁን ቆመው ያያሉ። እስቲ ላስቃቸው ብዬ፣

«ይኸ ሰውዬ ማነው? እኔ የማውቀው ልጄ ወፍራም ነው» አልሁ።

ፈንታሁን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቸኮል ትንሽ አየኝና ዞሮ ሄደ። ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ገብስ ሊጠይቀኝ እንደ መጣ ገብቶኛል፤ አሰጋሽ ደግሞ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ዘመድ አዝማዱን ሰበሰበ ብላ ለቀኛዝማች ብትነግርስ? ከበሩ ማዶ ካለው ዋርካ ሲደርስ እጠራዋለሁ ብዬ ቆየሁ። ከዚያ ዘነበ።

ጉልበት አለው። ሁመራ የቀን ሥራ ሞልቷል ይባላል፤ ወደዚያ ሄዶ ይሆናል።

ሰኔ ፲፰

ናፍጣ አለቀ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ከደሴ መኪና አይመጣም። ሞተሩ ሞተ፤ አረፋው ቆመ።

ዓሦቹ ከላይ ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ተርበው ነው። ዘንድሮ አፉን ከፍቶ ያየሁት ፍጥረት ሁሉ ተርቦ ነው። የሰኔ ጾም ስለሆነ የቤቱን እንቁላል የሚበላ የለም፤ አሰጋሽን ለምኜ አስቀቀልሁና አስኳሉን አድቅቄ በተንሁላቸው።

ሰኔ ፲፱

አሁንም አፋቸው ክፍት ነው። ዱቄት ጨመርሁ።

ሰኔ ፳

አስኳል። ደግሞ ዱቄት። ውሃው እንደ አጥሚት ነጣ፣ ሸተተ። ባልቴቲቱ ጧት በጎኗ ተንሳፋ አገኘኋት። አሰጋሽ በጅራቷ አንጠልጥላ፣

«አያ በላይ፣ እርስዎ ያጎረሱት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው?» አለችኝ።

ከምሽቱ ገብስ ግማሹን አስቀረችብኝ። «ሁለተኛ አንድ ቢሞት ጣሳውን አያምጡት» ብላለች።

ሰኔ ፳፪

ዛሬ በሰፊው ልጻፍ፤ ደስ ብሎኛል።

ውሃው እጅግ ሲሸተኝ ግማሹን ቀድቼ ደፋሁት፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ የወረደውን የዝናብ ውሃ በባልዲ አመጣሁና ከላይ አንቆረቆርሁት። ባልዲው ከባድ ነው፤ እጄም ይንቀጠቀጣልና ከከፍታ እየተረጨ፣ እየተንቦጫረቀ ነው የገባው። ዓሦቹ ወዲያው አፋቸውን ዘግተው ወደ ታች ወረዱ። ዳኛው እንዲያውም ምስለኔውን ማባረር ጀመረ።

ለካ ራብ አልነበረም። ሲለምኑ የነበሩት ትንፋሽ ነው። እኔ አየር የጠየቀውን እህል እያጎረስሁ ነበር። የተረፈው አስኳል ደግሞ ከሥር ሲበሰብስ እሱም በበኩሉ ካለቺው አየር ይሻማል። ሳበላቸው ሳፍናቸው ከረምሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሞክሬ ሞክሬ አየሁት። ውሃ ዝም ብሎ ከተኛ ይታፈናል። ፊቱ ሲረበሽ፣ ከላይ ሲወርድበት አየር ይዞ ይገባል። ከፍ አድርጎ ማንቆርቆር ዝቅ አድርጎ ከማንቆርቆር ይበልጣል። አጉል ለብ ሲል ይብስበታል፤ ቀዝቀዝ ሲል ይሻለዋል፤ ስለዚህ አሰጋሽ ልብስ የምታደርቅበትን የከሰል ምድጃ ከሳሎን አስወጣሁ። ከሥር ያለውን አተላ በጨርቅ አጠለልሁ። ምግቡን በጣት ቁንጥር ብቻ። ይኸን ሁሉ ያስተማረኝ የለም፤ ገብሴን ፈርቼ ነው የተማርሁት።

ችግሩ እጄ ነው። ከጧት እስከ ማታ በጣሳ እየቀዱ ማንቆርቆር የሽማግሌ ሥራ አይደለም። ትንሽ ካረፍሁ እነዚያ አፎች ብቅ ይላሉ።

ሰኔ ፳፬

ወርቂቱ መጣች። የቸኮል ልጅ ናት፣ የልጅ ልጄ። ባሏ ራቡ ሲጠና «የራስሽን አፍ ይዘሽ ሂጂ» ብሎ ሰደዳት።

«አባትሽስ?» አልኋት።

«ሄደ» አለች።

«ሁመራ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ሄደ አልሁዎት እኮ፣ አባባ።»

አሰጋሽ ዘንድ ይዣት ገባሁ። ነገሩን ሳስረዳት ልትታነቅ ነው በሳቅ።

«ውሃ ከገንዳ ቀድታ እዚያው ገንዳ ውስጥ የምትደፋ ሠራተኛ ልቀጥር?»

«ቀኛዝማች ሲመጡ ዓሣው ሞቶ ካገኙት ቁልፉን ከአንገትሽ የሚያወርዱት ክሩን ፈትተው ብቻ ይመስልሻል?»

ሳቋ ቆመ። ጧት አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ማታ አንድ እፍኝ። ዓሣ ከሞተ ግን ለሁለታችንም የለም። ወርቂቱ እጄን ስማ ጣሳውን አነሣች። ጥሩ ክንድ አላት።

ሐምሌ ፫

አረፋው ቢቆምም ወርቂቱ አለች። ዓሦቹ ከሞተሩ ዘመን ይበልጥ ደምቀዋል። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አስተምራታለሁ፤ ከፍ አድርጊ፣ ጥግ ጥጉን፣ ዳኛውን እንዳትመቺው።

«ክንድሽ ምን ያንቀጠቅጠዋል? የእኔን እጅ ወረስሽ?» አልኋት።

«ትንሽ ልቀመጥ፣ አባባ።»

«አንቺ ስትቀመጪ እነሱ ይነሣሉ» አልኋትና አፌን እንደ ዓሣ ከፍቼ አሳየኋት። ፈገግ አለች። ጥርሷ ረዝሟል፤ ወይም ፊቷ አንሷል።

ቆሎዋን እዚህ አትበላውም። ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ትወጣለች። «ማነው ጎረምሳው?» አልኋት። ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገች። በወጣትነት ዘመኔ እኔም ከሴት ቆሎ ተቀብያለሁ፤ ይገባኛል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለነፋስ ብዬ መስኮቱን ስከፍት በአጥሩ በኩል ሰዎች ተደርድረው ያያሉ። የተራበ ዓይን ከባድ ነው። ቀይ፣ የሰባ ነገር ሲያይ ይወጋዋል። ማዕድ እንኳ ተሸፍኖ ነው የሚቀርበው፤ እነዚህን ራቁታቸውን ማቆየት ስሕተት ነበር። ማታ ገንዳውን በቁርበት ሸፈንሁት፤ ዙሪያውን በጋቢዬ ጠቀጠቅሁት። ወርቂቱንም ሂጂ አልኋት። ዛሬ ይረፉ።

ሐምሌ ፬

ጧት። ቁርበቱን ገለጥሁ። መስታወቱ በላብ ታውሯል። ዓሦቹ ሁሉም ከላይ ናቸው። ምስለኔው ሞቷል። ወርቂቱን ጠራሁ። ሁለታችንም። ባልዲ። ዝናብ የለም፤ ከምንጭ። እጄ።

ማታ። ተረፉ። ምስለኔውን አሰጋሽ ሳታይ ቀበርሁት፤ ገባሮቹን በቁጥር አታውቃቸውም፤ ምስለኔውን ስትጠይቀኝ ገንዳው ውስጥ ካለችው የድንጋይ ዋሻ ሥር ተኝቷል እላለሁ። ከዓይን ሳድናቸው በልብስ አፈንሁ። የተከደነ ውሃ አይተነፍስም። ይኸን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል። መስኮቱ ይከፈት፤ የፈለገ ይይ።

ሐምሌ ፲፪

ዛሬ አንድ ጨዋታ ተጫወትሁ። አሰጋሽን፣ «የልጅ ልጄ በሰጠሻት ቆሎ ጎረምሳ ታወፍራለች፤ አንድ ቀን ደግሰሽ ትድሪያታለሽ» አልኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«እኔ እህል የምሰጠው ለሚያንቆረቁር ክንድ ነው። ወጥቶ የሚሄድ እፍኝ የለም» አለች። ማታ ወርቂቱን ፊቷ አስቀምጣ «ብዪ፣ እያየሁሽ» አለቻት።

ወርቂቱ መጀመሪያ «አላሰኘኝም» አለች። ይታያችሁ፣ በዚህ ዓመት። ከዚያ አንድ አንድ ፍሬ እያደረገች ቆረጠመች። እንባዋ ይወርዳል። ስትወጣ ተከተልኋት።

«አባባ፣ ምን በድዬዎት ነው?»

«እንድትወፍሪልኝ ብዬ ነው» አልኋት። እውነቴን ነው። ቆሎው የእሷ ሆድ ቢገባ ምን ይጎዳታል?

ሐምሌ ፲፭

አሰጋሽ በየቀኑ ጧትና ማታ ትቆምባታለች። ወርቂቱ ዛሬ ጉንጯ ውስጥ ደብቃ ልትወጣ ስትል፣

«ጉንጭሽ አበጠ፤ ጥርስ ነው ወይስ ጎተራ?» አልኋት።

ከአፌ አመለጠኝ። አሰጋሽ «ክፈቺ» አለቻት። ከፈተች። ከዚያ ዋጠችው፤ ሳታኝከው።

ቀትር ላይ ለትንሽ ጊዜ ልውጣ ብላ ለመነችኝ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ውሃው ለብ ብሎ ዓሦቹ ተነሥተዋል። እንዴት ልልቀቃት? «ጎረምሳሽ ቢወድሽ ይጠብቅሻል» አልኋት።

ሐምሌ ፲፱

ገብርኤል። ልሳለም አልሄድሁም። ዳኛው ሰነፈብኝ።

አሰጋሽ ራዲዮኑን ከፍታ ሰማን፤ የትላልቅ ሰዎች ስም ይነበባል፤ እጃችሁን ስጡ ይላል። ቀኛዝማች አልተጠሩም። ወይ አልሰማንም፤ የባትሪ ድንጋዩ ደክሟል። አሰጋሽ ዘጋችውና ቁልፏን ጨበጠች።

ፈንታሁን በር ላይ ለአንዱ ሲያወራ፦ «ደጀ ሰላሙ ሞልቷል አሉ፤ ከአጅባርም ከወግዲም የመጣ ሁሉ እዚያው ነው። የሞቱትን ጧት ጧት ነው የሚያነሷቸው።» ወርቂቱ ጣሳዋን ጣለች። ወጥታ ፈንታሁንን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ራሱን ነቀነቀ። ውሃውን መሬት ላይ ስለ ደፋች ተቆጣሁ።

ሐምሌ ፳፭

ዛሬ አርፍዳ መጣች። እኔ ከማለዳ ጀምሮ እያንቆረቆርሁ ትከሻዬ ወልቋል።

«ዳኛው አፉን ከፍቶ ሲፈርድብሽ ነው ያረፈደው» አልኋት።

ጣሳውን ከእጄ ወሰደች። ቀድታ አንቆረቆረች። ደግማ ቀዳች።

«አባባ፣ አባቴን ቀበርነው።»

«ከሁመራ ማን መጥቶ ነገረሽ?»

«ሁመራ አልሄደም። ከሰኔ ጀምሮ እዚህ ደጀ ሰላም ነበር።»

ውሃው ከከፍታ ይወርዳል። ድምፁ ጆሮዬን ሞላው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትንገሪው አለኛ። ‹የእሱ ልጅ ወፍራም ነው፤ እኔን አያውቀኝም› አለ።»

«ቀልድ እኮ ነው። ፈንታሁን ቆሞ ነበር፤ ጠይቂው።»

ጣሳውን ሞልታ ከከፍታ ለቀቀችው።

«ቆሎው ለእሱ ነበር?»

«ለማን መስሎዎት ነው? እኔ እንደሆንሁ ሳር ቅጠሉን እለምደዋለሁ፤ እሱ ሆዱ እምቢ ብሎት ነበር። በቆሎው ነበር የቆመው። የተከለከልሁ ለት ማታ ባዶዬን ሄድሁ፤ እጄን አየው። በነጋታውም አየው። ከዚያ በኋላ ማየቱን ተወ።»

«በምን ከፈናችሁት?»

«ጋቢውን ፊት ሸጦታል። እንዲሁ ነው።»

እኔ ጋቢ ለብሼ ነበር። እስካሁን ለብሻለሁ፤ ብርድ ነው።

ትተሽ ሂጂ አላልኋትም። እሷም አልሄደችም። እስከ ማታ አንቆረቆረች። አሰጋሽ ቆሎውን ሰጠቻት፤ ዛሬ መቆም አላስፈለጋትም፤ ወርቂቱ ቁጭ ብላ፣ እኔን እያየች፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላችው። እጇን አራገፈች። «አሁን እወፍርልዎታለሁ» አለችኝ።

ዋርካው ሳይደርስ ብጠራው ይሰማኝ ነበር። ድምፄ ገና ደህና ነው። ደግሞስ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው? አንድ ቃል ቢመልስልኝ፣ አንተም ቀጫጫ ሽማግሌ ብሎ ቢሰድበኝ፣ እንስቅና እናስገባው ነበር። ዝም ብሎ ሄደ። የሚሄድን ሰው ምን ያደርጉታል?

ቀልድ ነበር። አሰጋሽም ታውቃለች።

ሐምሌ ፳፮

ወርቂቱ አልመጣችም።

ሐምሌ ፳፯

ፈንታሁን እንዳለው ከሌሎች ጋር በኩታበር አድርጋ ወደ ደሴ መጠለያ ሄዳለች። በዚህ ጭቃ። ለእኔ የተወችው ቃል ካለ ጠየቅሁት። «ጣሳውን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ በላቸው ብላለች» አለኝ።

ነሐሴ ፮

ፍልሰታ። እኔ ነኝ የማንቆረቁረው። ቀኝ እጄ ሲሰለች በግራ፤ ግራው ሲሰለች ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፋለሁ። የቀሩት ዳኛውና ሁለት ገባሮች ናቸው፤ ሌሎቹን አንድ በአንድ አሰጋሽ ሳታይ ቀብሬያቸዋለሁ። አንሰዋልና አየሩ ይበቃቸዋል፤ ይኸም አንድ ነገር ነው። ሲበዙ ይሻማሉ፤ ሲቀንሱ ለቀሪው ይተርፋል። አሰጋሽም ስለ ራቡ እንዲሁ ትላለች፤ እኔ ግን ስለ ዓሣ ነው የማወራው።

ነሐሴ ፳

ቀኛዝማች ደሴ ታሥረዋል። አሰጋሽ ሁለት ቀን አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቁልፉን አጠበቀች። «ዓሣውስ?» አልኋት። «የሚመጣው ይወደው እንደሆን ማን ያውቃል፤ ያንቆርቁሩ» አለችኝ።

ሕልም አየሁ። ቸኮል ከገንዳው ማዶ ቆሟል፤ አፉ ይከፈታል ይዘጋል። መስታወቱ ነው እንጂ የሚለውን እሰማው ነበር።

ጳጉሜን ፫

ክንዴ። ዛሬ ይብቃኝ።

መስከረም ፮ ቀን ፲፱፻፷፯

ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ ተብሏል። ዛሬ ወታደር የጫነ መኪና ገባ። አለቃቸው አንድ ወጣት መቶ አለቃ ነው፤ ጨዋ ልጅ። ቤቱን ዞሮ አየው። ገንዳው ፊት ሲደርስ እኔ እያንቆረቆርሁ ነበር።

«አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አስተነፍሳቸዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎ?»

«ከሰኔ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ወታደሮቹ ዞሮ «ይህን ሽማግሌ ተመልከቱ፤ ይህ ነው የጌቶች ጭካኔ» አላቸው። ሁሉም በኀዘን አዩኝ። ደስ አለኝ ልበል? ትንሽ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ከመኪናው ናፍጣ አስወርዶ ሞተሩን አስነሣ። መንፊያዋ ተንፈራገጠች፤ አረፋው ሽቅብ ወጣ። ዳኛው ዞሮ እንኳ አላየኝም።

«እንግዲህ ይረፉ፣ አባት» አለኝ መቶ አለቃው፤ ትከሻዬን ነካ አድርጎ።

ማታ ጣሳዬን ይዤ ወደ አሰጋሽ ሄድሁ።

«አያ በላይ፣ ሞተሩ ተነሣ እኮ» አለች። «ገብሱ አሁን የሕዝብ ነው፤ ለሚሠራ ነው።»

«ሞተሩንስ ማን ያስነሣል?»

«ወታደሮቹ። ክፍሏንም ለእነሱ እንድናስለቅቅ ታዘናል።»

የሚያስቃት አንድ ነገር ፈለግሁ። አላገኘሁም።

መስከረም ፱

ደጀ ሰላም። ግድግዳው ሥር አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ አገኘሁ። ቸኮል የት ነበር የሚተኛው ብዬ አልጠየቅሁም። ቆይቼ እጠይቃለሁ። ከጎኔ ከአጅባር የመጣ እግሩ ያበጠ ሰው አለ፤ ቆሎ ቢያጣም ወሬ አያጣም።

«ቦታው መልካም ነው» አለኝ። «እርስዎ የተቀመጡበት የአንድ የወግዲ ሰው ነበር። እንዴት ያለ ተጫዋች መሰለዎ። ራቡን ያስረሳን ነበር።»

«ምን እያለ?»

«አባት አለኝ፤ የአባቴ ሥራ ዓሣ ማስተንፈስ ነው ይለናል። ልጁ ከዚያ ግቢ ወሬ ታመጣለት ነበር። ማታ ማታ ይነሣና ባዶ ጣሳ ይዞ እጁን እያንቀጠቀጠ ‹ጌታዬ ዳኛው፣ እንዴት አመሹ፤ ትንፋሽ ልጨምር?› ይላል። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው እንኳ አስነሡኝ ብሎ ተጫውቶልናል።» ሳቅ አቋረጠው፤ ሳል ተከተለው። «እርስዎ የከተማው ሰው ይመስላሉ። ያን ሽማግሌ አይተውት ያውቃሉ?»

«አላየሁም» አልሁት።

ሰውየው ተንጠራርቶ ጣሳዬን አነሣ። እጁን እያንቀጠቀጠ፣ ከከፍታ፣ ባዶውን አንቆረቆረ። ግድግዳው ሥር የተኙት አንድ በአንድ ቀና እያሉ ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ።